ልጅ በዕድሉ ብቻ ያድጋልን?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ቃል በአገራችን ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አማት ምራቷን ሲያጽናኑበት የኖረ የቆየ አባባል ነው። እኛም ይህን ቃል ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ልጅ በዝቶበት ጥሪት ላነሰው ቤት ተስፋ ሆኖ ያገለገለ ነውና። ነገር ግን ይኸው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለሌላ ነገር መሸፈኛ ሲሆን እናያለን። በአንድ ወር የተወለዱ ሁለት ሕፃናት በአንድ ግቢ ሲጫወቱ ቢታዩና አንደኛው በሁለተኛው ትከሻ ልክ ቢቀር፣ «ምን ይደረግ፣ አባቱም አጭር ነው» ይባላል። ልጁ አልታመመም፤ ይሮጣል፣ ይሥቃል፣ የሰጡትን ይበላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚወስደው የለም። በእውነት የዚህ ልጅ ቁመት ከአባቱ የተወረሰ ነውን? ወይስ ማንም ሳያየው የደረሰበት ነገር አለ? በዛሬው ገጻችን ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንመለከተው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቁመት በዘር ይወረሳል መባሉ ሐሰት አይደለም። ረጅም አባትና ረጅም እናት አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ልጅ ይወልዳሉ። ነገር ግን ጥያቄው ስለ አንድ ልጅ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ አገር ልጆች በጠቅላላው ሲሆን መልሱ ይለወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 ድረስ በስድስት አገሮች፣ ይኸውም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,440 ያህል ሕፃናትን አስለክቶ ነበር። የተመረጡትም እናቶቻቸው ጡት ያጠቧቸውና ትንባሆ የማያጨሱባቸው፣ ኑሯቸውም ለእድገታቸው እንቅፋት የማይሆንባቸው ልጆች ናቸው። ልኩ ሁሉ ተሰብስቦ ሲተያይ የአክራው ሕፃንና የኦስሎው ሕፃን፣ የዴልሂውና የካሊፎርኒያው ሕፃን በቁመት እኩል ለእኩል ሲያድጉ ተገኙ። በመካከላቸው ከታየው ልዩነት ውስጥ የአገርና የአገር ልዩነት ከመቶ 3 እጅ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው አብዛኛው በማንኛውም መንደር በአንዱና በሌላው ልጅ መካከል የሚታየው የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ከዚህ ሥራ የተገኘው መለኪያ በ2006 ታትሞ ወጥቶ በብዙ አገሮች የጤና ጣቢያዎች ይሠራበታል።

በዚህ መለኪያ የእኛን አገር ልጆች ስንመለከት ነገሩ ያሳስባል። በ2000 በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 58ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት እጅግ ያነሱ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ ወደ 44፣ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። መውረዱ መልካም ነው፤ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ሆኖም በ2019 እንኳ ከሦስት ልጆች አንዱ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው፤ ከሦስት አባቶች አንዱ አጭር ነው ብሎ ይህን ማለፍ አይቻልም።

የጤና ባለሞያዎቻችን ለዚህ ነገር «መቀንጨር» የሚል ስም ሰጥተውታል። ቃሉ ከመጽሐፍ ቤት የወጣ ሳይሆን ከእርሻ የመጣ ነው። ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራ የምትባለውን አረም ያውቃታል። አበባዋ ያማረ ነው፤ ሥሯ ግን ከመሬት በታች ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል፤ እርሷ ከአፈር ብቅ ብላ በምትታይበት ጊዜ ጉዳቱ አብዛኛው ተፈጽሟል። ያን ጊዜ ቢያርሟትም ማሽላው የሚገባውን ያህል አያፈራም። የልጅም ነገር እንዲሁ ነው። ቁመቱ ማነሱ ለዓይን በሚታይበት በአራትና በአምስት ዓመቱ፣ ነገሩ የተፈጸመበት ወራት አልፏል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በ2016 በተደረገው ጥናት የቀነጨሩ ልጆች በአዲስ አበባ ከመቶ 15 ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል ከመቶ 46 ነበሩ። ይህ ክልል ደግሞ ድርቅ የሚመላለስባቸው ወረዳዎች ቢኖሩትም፣ ጤፉና ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው በብዛት ለገበያ የሚወጣበትን ጎጃምን የመሰለ አገር የያዘ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ልጁ የሚቀነጭር ከሆነ ነገሩ በእህል ማነስ ብቻ የሚፈታ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ በምን? ለዚህ የሚረዳን ጥናት የተደረገው ከእኛ እጅግ በራቀ አገር፣ በመካከለኛው አሜሪካ በጓቴማላ ነው።

በጓቴማላ ከተማ በ1949 የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የምግብ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ዶክተር ኔቪን ስክሪምሾ የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ወተትና ሥጋ ለማይገኝበት የድሃ ቤት የሚስማማ ምግብ ሲሹ፣ የበቆሎና የጥጥ ፍሬ ዱቄት ቀላቅለው ኢንካፓሪና የሚባለውን የሕፃናት ዱቄት አወጡ። የእህል ፕሮቲን ብቻውን የጎደለ ነው፤ ከጥራጥሬ ወይም ከቅባት እህል ጋር ሲቀላቀል ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የእኛ እናቶች ይህን ሳይማሩ፣ እንጀራን በሽሮ ሲያቀርቡ መኖራቸውን እዚህ ላይ ሳናነሣ አናልፍም።

በዚያን ዘመን በሊቃውንቱ መካከል አንድ ክርክር ነበረ። የምግብ ማነስ የሕፃኑን አካል ብቻ ነው የሚጎዳው ወይስ አእምሮውንም? ይህን ለማየት ተቋሙ በ1969 ኤል ፕሮግሬሶ በሚባለው ደረቅ አውራጃ አራት የገበሬ መንደሮች መረጠ። ሁለቱ ዘጠኝ መቶ ያህል፣ ሁለቱ አምስት መቶ ያህል ነዋሪ ያላቸው ነበሩ፤ ሕዝቡም በቆሎና ባቄላ እያመረተ የሚኖር ነው። ከትልልቆቹ አንዱ፣ ከትንንሾቹም አንዱ በዕጣ ተለይተው አቶሌ የሚባለው መጠጥ እንዲሰጣቸው ተደረገ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፍሬስኮ የሚባለው ደረሳቸው።

አቶሌ ማለት በዚያ አገር ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ ከበቆሎ ዱቄት ተፈልቶ በሙቁ የሚጠጣ ነገር ነው። ከእኛ አጥሚት ጋር በሥራም በስምም መቀራረቡ ያስገርማል፤ ዝምድና ግን የለውም፤ ስሙ ከሜክሲኮ ጥንታዊ ሰዎች ከናዋትሎች ቋንቋ የመጣ ነው። ለጥናቱ የተዘጋጀው አቶሌ ከኢንካፓሪና፣ ከወተት ዱቄትና ከስኳር የተሠራ ሆኖ አንዱ ኩባያ 163 ካሎሪና 11 ግራም ተኩል ፕሮቲን ይሰጥ ነበር። ፍሬስኮው ደግሞ በቀዝቃዛው የሚቀርብ ጣፋጭ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው መጠጥ ነው፤ ካሎሪው 59 ሲሆን ፕሮቲን የለውም። ቪታሚንና ማዕድን ኋላ በሁለቱም ውስጥ እኩል ተጨምሯል፤ በአራቱም መንደሮች ሕክምና በነጻ ይሰጥ ነበር።

በየመንደሩ አንድ የመጠጫ ቤት ተከፍቶ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ ማንም መጥቶ መጠጣት ይችል ነበር። እርጉዞች፣ የሚያጠቡ እናቶችና እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች የጠጡት መጠን እየተለካ በየስማቸው ይመዘገባል። ልጆቹም በየጊዜው ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል። ይህ ሥራ ሳይቋረጥ እስከ 1977 ቀጠለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ኩባያ መቁጠር ለሰሚው ተራ ነገር ይመስላል፤ በኋላ የመጣው ዕውቀት ሁሉ የቆመው ግን በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

አንባቢያችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ «ለአንዱ መንደር ምግብ፣ ለሌላው ጣፋጭ ውሃ መስጠት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም አሳስቦናል። በዚያን ጊዜ የምግቡ ጥቅም ገና በክርክር ላይ መሆኑና ለሁሉም ሐኪም መመደቡ ለሊቃውንቱ መልስ ሆኗቸዋል። በመንደሮቹ ነጻ ሕክምና ከገባ ወዲህ በአራቱም የሕፃናት ሞት ቀንሷል። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ጥናት እንዲደረግ የሚፈቅድ ሸንጎ ይገኛል ብለን አናምንም።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። አቶሌ ከደረሳቸው መንደሮች የተወለዱት ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከፍሬስኮዎቹ ልጆች በቁመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል በለጡ። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ጊዜው ነው። በቀን ለአንድ መቶ ካሎሪ ጭማሪ በመጀመሪያው ዓመት 9 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 4 ሚሊ ሜትር ያህል የቁመት ትርፍ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ኩባያ፣ ያው አቶሌ በቁመቱ ላይ የጨመረው ነገር አልነበረም። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ጠጥቶ ይጠግባል፣ ይጫወታል፤ ያለፈውን ግን አያስመልስም።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ የሁለት ጣት ቁመት ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ተመራማሪዎች በ1988 ወደ መንደሮቹ ተመለሱ፤ ከ2002 እስከ 2004 ድረስም እንደ ገና ሄዱ። ያን ጊዜ የኩባያዎቹ ልጆች ጎልማሶች ሆነው አንዳንዶቹ ወደ ዋናው ከተማ ፈልሰው ነበር፤ ሁሉንም ባይሆን አብዛኞቹን ፈልገው አገኟቸው። በሕፃንነታቸው አቶሌ የጠጡት ሴቶች ከሌሎቹ አንድ ክፍል ያህል በትምህርት ገፍተው ተገኙ። ወንዶቹም ሴቶቹም በንባብና በአእምሮ ፈተና የተሻለ ነጥብ አገኙ። ከተወለዱበት ቀን እስከ ሁለት ዓመታቸው አቶሌ የደረሳቸው ወንዶች ደግሞ በሰዓት የሚያገኙት ደመወዝ ከሌሎቹ ከመቶ 46 እጅ ያህል በለጠ። ይህ በ2008 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። በሴቶቹ ደመወዝ ላይ ግን ልዩነት አልታየም፤ በዚያ አገር ለሴት የሚገኘው የሥራ ዓይነት ጥቂት በመሆኑ ይመስለናል። ከሦስት ዓመታቸው በኋላ አቶሌ የጀመሩት ወንዶች ይህን የደመወዝ ብልጫ አላገኙም።

ስለ ምን የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት እንዲህ ይከብዳሉ? ሕፃን ሲወለድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 12 ያህል ይጨምራል። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ እንደዚያ የሚፈጥንበት ዘመን አይመጣም። አንጎሉም አብዛኛውን የሚያድገው በእነዚሁ ወራት ነው። እስከ ስድስት ወሩ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ መጨመር አለበት፤ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣው የብረት ማዕድን ስንቅ አልቋልና። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። የሕፃኑ ሆድ ትንሽ ነው፤ በስምንት ወሩ ከአንድ ቡና ቤት ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ይይዛል። ያን ብርጭቆ በቀጠነ ሙቅ ብንሞላው ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፤ ያገኘው ግን ውሃ ነው። እናቲቱም ልጄ ጠገበ ብላ ትደሰታለች። ማን ይነግራታል?

አሁን ወደ ጎጃም ጎተራ እንመለስ። በ2016 በመላ አገራችን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ዓይነቱም የተለያየ፣ ቁጥሩም የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ዶሮ ያለችበት ቤት እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ በገንዘቡ ጨው፣ ቡናና ሳሙና ይገዛል፤ ተርፎ እንደ ሆነ ለልጁ ብስኩት ይመጣለታል። ቅቤውም እንዲሁ። በጾም ወራት ደግሞ ሃይማኖቱ ሕፃናትን ባያስገድድም፣ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ በመፍራት ለልጅ ብቻ እንቁላል የሚቀቅል ወይም ወተት የሚያፈላ ቤት ጥቂት ነው፤ ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት ማኖር ግን ጾምን አይሽርም። በመሶቡም ዙሪያ ቢሆን ታላቅ ይቀደማል፤ ይህ ያማረ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ገና መጉረስ የሚማር የአንድ ዓመት ልጅ ከታላላቆቹ እጅ ጋር ተሽቀዳድሞ ሊጠግብ አይችልም። ለእርሱ የራሱ ሳህን ያስፈልገዋል፤ ምን ያህል እንደ በላ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

ይህን ስንል እንቁላል መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። በኤኳዶር በ2015 ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ላሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ቢሰጣቸው መቀንጨሩ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ዜናው ብዙዎችን አስደሰተ። ያንኑ በማላዊ ሲሞክሩት ግን በቁመት ላይ የታየ ጥቅም አልነበረም። የማላዊዎቹ ልጆች ቀድሞውንም ከሐይቁ ዓሣ ያገኙ ነበር። የጎደለው ነገር ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ተቅማጥም በበኩሉ የበላውን ሳይጠቀምበት ያስወጣበታል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇን በየወሩ ወደ ጤና ኬላው ወስዳ በተንጠልጣዩ ሚዛን ብታስመዝነው ከንቱ ድካም አይደለም። በካርዱ ላይ የሚሠመረው መሥመር ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ጋደም ማለት ሲጀምር፣ ልጁ ለዓይን ገና ደኅና ይመስላልና።

አገራችን ይህን ሥራ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1962 ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነበር። ከዚያም በ1960ዎቹ ውስጥ እንደ ኢንካፓሪና ያለ፣ እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የተዘጋጀ የሕፃናት ዱቄት ወጣ። ስሙም ፋፋ ተባለ። ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት የሚችል አይመስለንም፤ ብዙዎቻችን በእርሱ አድገናል፤ በከተማ እስከ ዛሬ ማናቸውንም የልጅ ዱቄት ፋፋ የሚል እናት አለች። ሆኖም ከሱቅ የሚገዛ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው ለገጠሯ እናት በዋጋም በመንገድም ራቀ። እርሷ ዘንድ ያለው ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ነው። እህሉን ሁለት እጅ፣ ጥራጥሬውን አንድ እጅ አድርጋ ቆልታ ብታስፈጭ፣ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ወፍራም ገንፎ አድርጋ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ብትጨምርበት፣ ሲገኝ እንቁላል ብትመታበት፣ ከፋፋው ዱቄት ብዙ የማይርቅ ምግብ ከራሷ ጓዳ ይወጣል። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየመንደሩ ሠርተው ያሳያሉ። በ2015 መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ ጉድለት እስከ 2030 ለማጥፋት ሲነሣ፣ አባቶችም ይህን ትምህርት እንዲሰሙ ቢጠራቸው መልካም ነው ብለን እናስባለን፤ እንቁላሉ ይሸጥ ወይስ ይቀቀል የሚለውን የምትወስነው እናቲቱ ብቻ አይደለችምና።

ስለ ጓቴማላ መንደሮች ስናወራ አንድ ነገር ሳንናገር አልፈናል። የኩባያዎቹ ዘመን ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በልጅነታቸው አቶሌ የጠጡት ሴቶች በተራቸው እናቶች ሆኑ። ተመራማሪዎቹ የእነርሱን ልጆች መዘኑ። እነዚህ ሕፃናት አቶሌን በዓይናቸው አላዩም፤ የመጠጫ ቤቶቹም በ1977 ተዘግተዋል። ሲወለዱ ግን ፍሬስኮ ከጠጡት ሴቶች ልጆች በአማካይ 116 ግራም ይከብዱ ነበር፤ ቁመታቸውም ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ይበልጥ ነበር።